ሳልጠጣ ያሳለፍኩት ዋንጫ

የነበርነው ሰባት ሰዎች ነን። ከበሩ በስተቀኝ፣ መደቡ ላይ፣ የማኅበሩ ቄስ። ከእሳቸው ቀጥሎ ሙሴው፣ ማለትም ማኅበሩን የሚመሩት ሽማግሌ። ከሙሴው ቀጥሎ ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራው ሸማኔ። ከሸማኔው ቀጥሎ እኔ። ከእኔ ቀጥሎ የድንበር ጎረቤታችን፣ የእኛን መሬት በእኩል የሚያርሰው። ከእሱ ቀጥሎ እናቴ። በመጨረሻ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ የዚያ ወር ባለተራ፤ የተሰበሰብነው በእሷ ቤት ነበር። ሌሎቹ አባላት ሌላ ደብር ለቀብር ሄደዋል። ስም አልጠራም። የነበረ ያውቀዋል፤ ላልነበረ ሰው ስሙ ምንም አይጠቅመውም። የተቀመጥንበትን ተራ የጻፍኩት ግን እንዲያው አይደለም፤ ዋንጫው የሚዞረው በዚያው ተራ ነው።

ጎረቤታችንን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በዕድሜ አባቴን ያህላል። እዚህ ላይ ግን እሱ ብዬ እጽፈዋለሁ። ምክንያቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ሕመሜ የመገጣጠሚያ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ጉልበቴ አበጠ፤ ቀጥሎ የእጄ አንጓ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ። ትምህርቱ የቀረው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅኩት ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከስልክ ነው። ደብረ ብርሃን ያዩኝ ሐኪም ሰውነቴ ከራሱ ጋር እየተዋጋ መሆኑን ነገሩኝና በሳምንት አንድ ቀን የሚዋጥ መድኃኒት አስጀመሩኝ። መድኃኒቱ ጉልበቴን መለሰልኝ፤ አፌን ግን ወሰደብኝ።

የአፍ ቁስል ሲባል ሰው ምች ይመስለዋል። ምች ከንፈር ላይ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይረግፋል። የእኔ ውስጥ ነው፤ ከታችኛው ከንፈር በስተጀርባ፣ ከምላሴ ጠርዝና ከሥሩ፣ ሲብስበት ከጉሮሮዬ ደጃፍ። መሐሉ ነጣ ያለ ነው፣ ዙሪያው ቀይ፤ ትልቁ የባቄላ ፍሬ ግማሽ ያህላል። «ሰ» ያለበትን ቃል ስናገር የምላሴ ጠርዝ ከጥርሴ ጋር ይፋተጋል፤ ስለዚህ ብዙ ቃላት ትቻለሁ። ዝምተኛ የሚሉኝ ሰዎች ግማሹን የተናገሩት ስለ ጠባዬ ሳይሆን ስለ ምላሴ ነው።

የምኖርበትን ዘዴ በራሴ ነው ያገኘሁት። ከበላሁ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ እጉመጠመጣለሁ። መፋቂያ ትቻለሁ፤ ንጹሕ ጨርቅ ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ጥርሴን እጠርጋለሁ። በርበሬ፣ ሎሚና ትኩስ ነገር አልቀምስም። አጥሚት የምጠጣው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ተልባ ተወቅጦና ተጣርቶ፤ ፍስክ ሲሆን ወተት። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ከንፈሬን እንዳይሰነጥቀው ቫዝሊን እቀባለሁ። ሐኪሙ የጨመሩልኝን ቢጫ እንክብል አላጓድልም፤ ካጓደልኩ በሳምንቱ አፌ ይነግረኛል። ይህን ሁሉ አድርጌም ቁስሉ ይመጣል። ግን ሲመጣ ቀለል ይላል፣ ቶሎም ይሄዳል።

ከቁስሉ የባሰው መካሪው ነው። አንዷ ዳማከሴ ጨምቃ ትመጣለች። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ አሽታ «ዋጥ አድርገው፣ ወንድ አይደለህ?» ትላለች። ሸማኔው አንድ ቀን ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልሎ ደጃችን ድረስ መጣ።

«ነስንስበት፣ ባንዴ ይሞታል።»

«ማን ነው የሚሞተው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መሳቅም ያማል።

ሌላው ዓይነት መካሪ ደግሞ ዝም የሚለው ነው። የጠጣሁበትን ብርጭቆ በሁለት ጣት አንሥቶ ያወጣዋል፤ ከጓዳ በአመድ ሲፈተግ ይሰማኛል። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ያ በሽታ» ይባላል። ያ በሽታ አይደለም፤ ተመርምሬያለሁ። ቢሆንም ኖሮ በብርጭቆ አይተላለፍም። ይህን ለማንም ቁጭ ብዬ አስረድቼ አላውቅም። የሚጠይቅ ሰው ይጠይቀኛል፤ የማይጠይቀውን ሰው እየተከተልኩ ስለ ገዛ አፌ ምስክር መሆን አልፈልግም።

ማኅበሩ የሚካኤል ነው። የአባልነቱ ወንበር የአባቴ ነበር፤ ሲሞት ወደ እኔ ዞረ። በየወሩ አንዱ አባል ይደግሳል፤ በቀኑ መጨረሻ ጽዋው፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የሸክላ ዕቃ፣ ወደ ቀጣዩ ባለተራ ቤት ይሸኛል። አባቴ ከሞተ በኋላ የእኛ ተራ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ታልፏል፤ አንዴ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር፣ አንዴ ደግሞ ከአልጋ መነሣት አልቻልኩም። ሙሴው ለእናቴ በግልጽ ነግረዋታል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከታለፈ ወንበሩን ለሚጠብቅ ሰው እንሰጣለን። የሚጠብቀው ማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል፤ የጎረቤታችን የበኩር ልጅ ነው።

በዚያ ቀን ጽዋውን የምረከበው እኔ ነበርኩ። እናቴ ቤቱን አስለቅልቃ፣ የአባቴን መቀመጫ በአዲስ ባና አልብሳ ነው የመጣችው። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። ከደጃችን ስንወጣ «ዛሬስ ይገባልኛል» ብቻ አለች። ለእሷ ያ ዕቃ ቤታችን ከገባ ባሏ ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እንዲህ ብላ አልነገረችኝም፤ ግን የምታስበው ይህን ነው፣ አውቃለሁ።

ማለዳ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ምላሴ ላይ በቁስሉ መካከል ነጭ ሽፋን ስለ ያዘ ነርሷ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን መድኃኒት ቀባችልኝ። ከንፈሬን፣ ምላሴን፣ የድዴን ዳር ሁሉ አቀለመው። እንዲህ ሆኜ ባለተራዋ ቤት ስገባ የመጀመሪያው ተናጋሪ እንደ ልማዱ ሸማኔው ነበር።

«ደብተራ ሆንክልን እንዴ? የቀለም ቀንዱን ምን ብለህ ጠጣኸው?»

ቄሱ እንኳ ፈገግ አሉ። ጎረቤታችን ፈገግ አላለም። የተቀመጠበትን አጎዛ ትንሽ ወደ እናቴ ሳበው፤ ከእኔ ጎን ክፍተት ተፈጠረ። ክፍተቱን እኔ አየሁት፤ ሌላ ሰው ማየቱን አላውቅም። ባለተራዋ ጠላ ልትቀዳልኝ ስትነሣ ቀዝቃዛ ውኃ ለመንኳት። ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ይህም ኋላ ይፈለጋል።

አሁን የማኅበራችንን ልማድ ልናገር፤ ይህ ካልታወቀ የሆነው ነገር አይገባም። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ሲባረክ፣ ከእሱ በአንድ ዋንጫ ይቀዳና ከቄሱ ጀምሮ ይዞራል። መጠኑ አይጠየቅም። ሐኪሙ መጠጥ እንደከለከሉኝ ሙሴው ያውቃሉ፤ አንዲት ጉንጭ ለበረከት ትበቃሃለች ብለው ፈቅደውልኛል። ነገር ግን ቂም የያዘ ሰው ሳይታረቅ አይጠጣም። ዋንጫው ሲደርሰው ሳይቀምስ ለጎኑ ሰው ካሳለፈ፣ ነገሬ ከዚህ ሰው ጋር ነው ማለቱ ነው። ንግግር አያስፈልገውም። ሕፃን ሆኜ አባቴ ጉያ ተቀምጬ አንድ ሰው እንዲያ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ቀኑ መሽቶ እስኪታረቁ ድረስ ማንም ከቤቱ አልወጣም።

እኔ ደግሞ ያሰብኩት ከንፈሬን ብቻ ላስነካ ነበር። ዋንጫው ከሸማኔው እጅ ወደ እኔ መጣ። አፌ ጋ ሳደርሰው የጌሾውና የኮምጣጣው ጠላ ሽታ ቀድሞ ገባ፤ ከንፈሬ በስተጀርባ ያለው ትልቁ ቁስል ምንም ሳይነካው ተቃጠለ፣ ዓይኔ ውኃ ሞላ። እጄ ራሱን ችሎ ዞረና ዋንጫውን ለጎረቤታችን አቀበለ።

ጎረቤታችን ዋንጫውን ይዞ ቀረ። አልጠጣም፣ አላሳለፈም።

ሙሴው ቀና አሉ። «ምን አድርጎህ ነው?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ፤ ምንም፣ ለማለት።

«ራስህን አትነቅንቅ፤ ተናገር። ከቤተ ሰብ ጋር ተቀምጠሃል።»

እናቴ ገባችበት። «ጋሼ፣ አፉን አሞት ነው። ዛሬ እኮ ጤና ጣቢያ ውሏል።»

«እትዬ፣» አለ ሸማኔው፣ «አፉን ያመመው ሰው ቅድም ውኃውን ሲጨልጠው አይቻለሁ። ያመመው ጠላው ነው ወይስ ጎኑ የተቀመጠው?»

«አንተ ዝም በል!»

«እኔ ምን አልኩ? ዋንጫው ነው የተናገረው።»

ለመናገር አፌን ከፈትኩ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኝ ነበር፤ ጠላው ያቃጥለኛል፣ ከማንም ጋር ቂም የለኝም። በጤነኛ ምላስ ቀላል ነው። እኔ ግን ቃላቱን እየመረጥኩ፣ የሚያመውን እየተውኩ ሳለሁ ቄሱ ወደ ጎረቤታችን ዞረው ነበር።

«አንተስ? የምታውቀው ነገር አለ?»

ጎረቤታችን ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። ግንባሩ አልቦታል፤ ውጭ ውርጩ ገብሱን ያጠቆረበት ወር ነው፣ ቤቱም ያን ያህል አልሞቀም።

«እንግዲህ ካወቀ ምን ልደብቅ፣» አለ። «ለልጅቷ አባት የነገርኩት እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር መንገር አለብኝ። በፊተኛው ዓመት ቀየት ከሚባል አገር የታጨችልኝ ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ቀስ ብዬ እንድናገር ጠበቀችኝ፣ አላቻኮለችኝም። ከዚያ አባቷ ሽማግሌ ልኮ «ልጃችን ትምህርቷን ትጨርስ» አለ። አመንኩ። መማር ጥሩ ነው ብዬ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር። እናቴም አመነች። በዚያ ቤት ውስጥ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከማንም ጋር ቂም አልነበረኝም።

«ምን ብለህ ነገርከው?» አሉ ሙሴው።

«አፉ በስብሷል፣ ያ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፣ አጣርተህ ስጥ አልኩት። ለበጎ ነው። የሰው ልጅ ናት። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ።»

እናቴ ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፣ አላነሣችውም። «ገብሳችንን እኩል እየተካፈልክ!» አለች። «ከማዕዳችን እየበላህ! መጥተህ አትጠይቀኝም ነበር? ደጄ ከደጅህ ምን ያህል ይርቃል?»

«እትዬ፣ ይጠየቃል ይህ?»

«ለሌላ ሰው ግን ይነገራል!»

ሸማኔው አንገቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ። ባለተራዋ ጉልቻውን እያየች እሳቱን ያለ ምክንያት ቆሰቆሰች። እኔ ዝም አልኩ። አሁን ዝምታዬ የምላሴ አልነበረም፤ ለሌሎቹ ግን ከቅድሙ ጋር አንድ ነው የመሰላቸው። ነገሩን ቀድሜ አውቄ፣ ወራት ይዤው ቆይቼ፣ በጽዋው ፊት ያወጣሁ ጨዋ ልጅ አድርገው አዩኝ። ሙሴው «አባቱን ወጣ» ብለው ለቄሱ ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። አባቴ እንዲያ ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አይደለሁም። ያ ሁሉ የመጣው ከከንፈሬ በስተጀርባ ካለ አንድ ቁስል ነው።

ከዚያ የሆነው ፈጣን ነው፤ መንገዱ የተለመደ ስለሆነ። ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ጎረቤታችን ተነሥቶ ፊቴ ተንበረከከ፣ ጉልበቴን በሁለት እጁ ያዘ፤ ያበጠውን ጉልበቴን፣ ጥብቅ አድርጎ። «ስለ ሚካኤል ብለህ ይቅር በለኝ» አለ። ጉልበቴን ሲይዝ እጁን አላራቀም፤ ጉልበት አያስፈራውም። የሚያስፈራው አፌ ነው።

«ይቅር በለው፣ ልጄ፣» አሉ ቄሱ።

«በለው እንጂ፤ ቀኑ እየመሸ ነው፣» አሉ ሙሴው። «ካልታረቃችሁ ጽዋው ከዚህ አይነሣም። ወይ ወደሚቀጥለው ባለተራ ያልፋል። ሦስተኛው መሆኑን ታውቃለህ።»

እናቴን አየኋት። የምታየው እኔንም ጎረቤታችንንም አልነበረም፤ ጽዋውን፣ ነጩን ጨርቅ ነበር። ተቆጥታለች፤ ቢሆንም ዓይኗ ከዚያ ጨርቅ አልተነሣም። ይቅር አልልም ብል አትወቅሰኝም ነበር። ወደ ቤት ሄዳ ባናውን ከአባቴ መቀመጫ ላይ ታነሣው ነበር፣ በቃ።

ዋንጫውን ከመሬት አነሣሁ። ሙሴው አዲስ ቅጂበት ሲሏት ባለተራዋ እስከ ላይ ሞላችው። ከንፈሬን አላስነካሁም፤ ጠጣሁ። ሙሉ ጉንጭ። ስለ ሕመሙ ለማጋነን አልፈልግም፤ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ከንፈሩ፣ እንደ ፍም፤ ቀጥሎ የምላስ ጠርዝ በሁለቱም ወገን፤ ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ ጭው አለ፤ ስውጠው ጉሮሮዬ ለመመለስ ሞከረ፣ ከለከልኩት። እንባዬ ወረደ። ባለተራዋ እንባዬን አይታ «እሰይ፣ እሰይ» አለች፤ ይቅርታ መሰላት።

ዋንጫው ቀንድ ነው፣ ቀለሙ ደግሞ ነጣ ያለ። የጠጣሁበት ጠርዝ ላይ የከንፈሬ ቅርጽ ታትሟል፣ ሐምራዊ፣ ከነስንጥቁ። ለጎረቤታችን ሳቀብለው ያን ወገን ወደ እሱ አዞርኩት። እንዲያው አልዞረም፤ እኔ ነኝ ያዞርኩት።

ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀብሎ አየው። የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም። ካልጠጣ ቂሙ የእሱ ነው፤ ይቅርታ ለምኖ ዋንጫ የመለሰ ሰው እንዴት ብሎ ነገ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል?

«ጠጣ እንጂ!» አለ ሸማኔው፣ ነፍሱ ተመልሳለት። «ለለመነ ሰው ምን ይጎመዝዘዋል?»

ዋንጫውን አዞረው። በሌላው ወገን አፉን ገጠመ፣ ወደ ላይ ቀና አለ። ጢሙ ረጠበ። ከዚያ ዋንጫውን ለእናቴ ሰጠና አፉን በደንብ ሳይከፍት «የበግ ድምፅ ሰማሁ» ብሎ ወጣ። እኔ በግ አልሰማሁም። እናቴ ዋንጫውን ተቀበለች፣ ዙሪያውን እያዞረች ቀለሙን ፈለገች፣ አገኘችው፤ አልጠረገችውም። ከንፈሯን እዚያው ላይ አድርጋ ጠጣች። ለባለተራዋ ስታቀብል የእሷም ከንፈር በትንሹ ሐምራዊ ሆኖ ነበር።

ጎረቤታችን ሲመለስ ጽዋው ተነሥቶ ነበር። እናቴ ተሸከመችው፣ ሁላችንም ሸኘናት፤ እሱም ከኋላ። ጽዋው ቤታችን አደረ፤ በወሩም ደግሰን አስረከብን። ወንበሩ የእኛ ነው። መሬቱን ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ያርሰዋል። ያን ቀን የጠጣኋት ጉንጭ ለሳምንት ያህል ቀዝቃዛ ተልባ ብቻ አስጠጥታኛለች። አፌ ዛሬ ደህና ነው፤ በሚቀጥለው ወር እንዴት እንደሚሆን አላውቅም።

አሁን ጎረቤታችን በየደረሰበት፣ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ሳይቀር፣ «ታርቀናል፣ ከአፉ ጠጥቻለሁ» እያለ ያወራል። በዚያ ቤት የነበራችሁ አምስታችሁ እዚህ ላይ ያጎደልኩትን ሙሉልኝ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፣ ሁሉንም አላየሁም። ከመደቡ በኩል የተቀመጣችሁት ፊት ለፊት ታዩት ነበርና፣ ዋንጫውን ሲያነሣ ማንቁርቱ ተንቀሳቅሷል? ወይስ ጢሙን ብቻ አርሶ ነው የወጣው? ባለተራዋ፣ በነጋታው ደጃፍሽን ስትጠርጊ ከግድግዳው ሥር የተተፋ ነገር አይተሻል? አንድ ሌላም አለ፤ እናቴም ጭምር መልሺልኝ። እኔ ዋንጫውን አንሥቼ መጠጣቴን አስታውሳለሁ፣ ማቃጠሉንም አስታውሳለሁ። «ይቅር ብዬሃለሁ» ስል የሰማኝ ሰው ካለ ግን ይንገረኝ። እኔ ማለቴን አላስታውስም።